በመጠበቅ የሚባክን ሀብት
ስለ ኢንዱስትሪ ምህንድስናና ሥራ አመራር ትምህርት ለአፍደም ሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ስለሚባለው ትምህርት፣ ይበልጡንም ወደ ሥራ አመራር ስላደላው ክፍሉ ነው። አፍደም የፋብሪካ ከተማ አይደለችምና «ይህ ትምህርት ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። እኔ ግን ለዚህ ትምህርት ከአፍደም የተሻለ ማስተማሪያ ቦታ በቀላሉ አላገኝም። ባቡር ያልፋል፣ ፍየልና ግመል ይሸጣል፣ ወተት ይጓጓዛል፣ ውኃ ይቀዳል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሰውም ዕቃም በሥራ ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ ይልቅ ሲጠብቅ የሚያሳልፈው ይበዛል።

የንግግሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ በኋላ ላስረዳ። ከሀብታችን ብዙው የሚባክነው በመጠበቅ ነው። የኢንዱስትሪ መሐንዲስ ሥራ ሦስት ነው፦ ነገር የት እንደሚቆም ማየት፣ ለምን እንደሚቆም ማስላት፣ ከዚያም ከሥራው ባለቤቶች ጋር ተማክሮ ማስተካከል። ሦስተኛው ከሌለ የፊተኞቹ ሁለቱ ወረቀት ላይ ይቀራሉ።

ሐዲዱ ለምን በዚህ አለፈ?

ከምናውቀው እንጀምር። አፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1895 ዓ.ም. ወደ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ቦታ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር። ነገር ግን ሐዲድን በዚያ ዳገት ላይ ማውጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት የሚበላ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ በተራራው ግርጌ በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ በሌላ ኩባንያ እንደገና ተጀምሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር። አፍደምም በዚያ መስመር ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በውስጡ ስላለው ውሳኔ ነው። ድልድዩን የሠራው፣ ብረቱን የቀጠቀጠው፣ ድንጋዩን የፈለጠው ሰው እያንዳንዱ የየራሱን ሙያ ያውቃል። «ሐረር እንውጣ ወይስ በቆላው እንለፍ?» የሚለው ጥያቄ ግን የአንዳቸውም ብቻ አይደለም። ዳገቱን፣ ገንዘቡን፣ ጊዜውን፣ የሚጫነውን ዕቃ፣ የሚኖረውን ገበያ በአንድ ላይ አስቀምጦ ማመዛዘን ይፈልጋል። በዚያ አንድ ውሳኔ የንግዱ ማዕከል ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ፤ በዚህ ቆላ ላይ ጣቢያዎች ተደረደሩ። ኢንዱስትሪ ምህንድስና ከሥራ አመራር ጋር ሲጣመር የሚያስተምረው እንዲህ ያለውን ማመዛዘን ነው።

ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መልክ የያዘው በአሜሪካ ነው፤ የፔንስልቬንያ ስቴት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1908 ማስተማር ጀመረ። በዚያው ዘመን ፍራንክ ጊልብሬዝ የሚባል ግንበኛ የነበረ ሰው አንድ ቀላል ነገር አየ። ግንበኛው ለእያንዳንዱ ጡብ ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ ያነሣል፤ ቀኑን ሙሉ የገዛ አካሉን ክብደት ሲያወርድና ሲያወጣ ይውላል። ጊልብሬዝ ጡቡ በግንበኛው ወገብ ልክ እንዲቀመጥ ከፍና ዝቅ የሚል መቆሚያ ሠራለት። አንድ ጡብ ለማኖር ይደረግ የነበረው 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ወረደ፤ በሰዓት 120 ጡብ ያኖር የነበረ ግንበኛ 350 ማኖር ቻለ። ሰውዬው አልተቸኮለም፣ አልተገረፈም፤ ከንቱ ድካሙ ተነሣለት።

ሴቶች ልጆቻችን ይህን አድምጡ። የጊልብሬዝ ባለቤት ሊሊያን የሥነ ልቦና ዶክተር ነበረች። 12 ልጆች ወልዳ፣ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1924 ከሞተ በኋላ ሥራውን ብቻዋን ቀጠለች፤ ሴቶች ወጥ ቤት ውስጥ በከንቱ የሚመላለሱትን እርምጃ እየቆጠረች የማድ ቤት አሠራር እንዲለወጥ አደረገች፤ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲም የምህንድስና ፕሮፌሰር ሆነች። ይህ ሙያ ከመነሻው ከመሪዎቹ መካከል ሴት ያለችበት ሙያ ነው።

አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ባቡር

ወደ አዲሱ ባቡር እንምጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ወጪው 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል፤ አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ አለው። ከአዳማ ወዲህ ግን፣ አፍደምን ጨምሮ እስከ ጅቡቲ፣ ሐዲዱ አንድ ነው።

አንድ ሐዲድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የጣቢያ ሰው ያውቃል። ከወዲያም ከወዲህም የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ለማስረዳት ያህል ቀላል ቁጥር እንውሰድ። በሁለት ጣቢያዎች መካከል 20 ኪሎ ሜትር አለ፤ የጭነት ባቡሩ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። መንገዱ 20 ደቂቃ ይወስዳል። መስመሩን ለቀጣዩ ባቡር ለማዘጋጀት 5 ደቂቃ እንጨምር፤ 25 ደቂቃ ሆነ። ቀንና ሌሊቱ 1,440 ደቂቃ ነውና በዚያ ክፍል ላይ ቢበዛ 57 ባቡር ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ደግሞ ወረድ ብሎ ሌላ 20 ኪሎ ሜትር አለ፤ እዚያ ግን ግመልና ከብት ሐዲዱን ስለሚያቋርጡ ሹፌሩ ፍጥነቱን ወደ 30 ይቀንሳል እንበል። 40 ደቂቃ መንገድ፣ 5 ደቂቃ ዝግጅት፣ 45 ደቂቃ። ያ ክፍል በቀን ከ32 ባቡር በላይ አያሳልፍም። ታዲያ መስመሩ በሙሉ ስንት ባቡር ያሳልፋል? 57 አይደለም፤ የሁለቱ አማካይም አይደለም፤ 32 ነው። ከዚያ በላይ የተላከ ባቡር ሁሉ የሆነ ጣቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ማነቆ የምንለው ይህን ነው። ኤሊያሁ ጎልድራት የሚባል የእስራኤል የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለዚህ ጉዳይ ልብ ወለድ እስከ መጻፍ ደርሷል። ትምህርቱ አንድ ነው፦ ማነቆው ባልሆነ ቦታ የምታፈሰው ገንዘብ ማነቆውን አያሰፋውም። በምሳሌያችን ባለሥልጣኑ «ባቡር አነሰን» ብሎ አዲስ ሎኮሞቲቭ ቢገዛ፣ የገዛው ተጨማሪ ቆሞ ጠባቂ ነው። የሚያዋጣው ከብቱ በሰላም የሚሻገርበትን ቦታ ማዘጋጀት፣ የት የት መሻገሪያ እንደሚያስፈልግ ደግሞ መንጋው በየትኛው ወር በየት በኩል ወደ ውኃ እንደሚወርድ የሚያውቀውን አርብቶ አደር መጠየቅ ነው። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በመስመሩ ላይ የተገጩ እንስሳትና የካሣ ጭቅጭቅ ስንት ራስ ምታት እንዳመጡ ለእናንተ አልነግርም። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የፍርድና የካሣ ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። በኢንዱስትሪ መሐንዲስ ዓይን ግን የባቡር መርሐ ግብር ጉዳይም ነው፤ የአንድ ግመል ሞት ለባለቤቱ ኪሣራ፣ ለቆመው ባቡር ሰዓት፣ ከኋላ ለተሰለፉት ባቡሮች ሌላ ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ መሻገሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ነው ውሳኔው የሚጠራው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር 12 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ሲነገር ሰምታችኋል። ነጋዴው ግን የሚቆጥረው ባቡሩ የሄደበትን ሰዓት አይደለም፤ ዕቃው ከመርከብ ወርዶ መጋዘኑ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ነው። አንድ ኮንቴይነር ከወደብ እስከ መጋዘን 6 ቀን ቢወስድ 144 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ባቡሩ የተጓዘው 12ቱን፣ አንድ አሥራ ሁለተኛውን ብቻ ነው። ባቡሩን እጥፍ ብታፈጥነው የምታተርፈው 6 ሰዓት። ወረቀቱን፣ ክሬኑን፣ ከደረቅ ወደብ የሚያነሣውን መኪና ብታቀናጅ ግን ቀኖች ታተርፋለህ።

የቦኖው ወረፋ

ባቡር ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ ትንሹ እንውረድ። የውኃ ቦኖ ላይ ቆመን እንይ።

30 እናቶች ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዷ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛለች እንበል። አንዷ ቀድታ እስክትለቅ 3 ደቂቃ ይፈጃል። የመጨረሻዋ እናት ጀሪካኗ እስኪሞላ 90 ደቂቃ ትቆማለች። ይህ ሒሳብ በትምህርቱ ውስጥ ስም አለው፤ ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በማስረጃ ያረጋገጠው የሊትል ሕግ ነው። በወረፋ ላይ ያለው ሰው ብዛት፣ በየደቂቃው የሚስተናገደው ሰውና እያንዳንዱ የሚጠብቀው ጊዜ የተሳሰሩ ናቸው፤ ሁለቱን ካወቅህ ሦስተኛውን ታውቃለህ። ባንክም፣ ሆስፒታልም፣ የባቡር ጣቢያም በዚህ ሕግ ይገዛሉ።

አሁን ሰዓት ይዘን ሦስቱን ደቂቃዎች እንከፋፍላቸው። ቧንቧው በደቂቃ 10 ሊትር ቢያወርድ ጀሪካኑ በ2 ደቂቃ ይሞላል። የቀረችው አንድ ደቂቃ የት ሄደች? የሞላውን ጎትቶ ማውጣት፣ ክዳኑን መግጠም፣ የሚቀጥለውን ጀሪካን ከአህያው ላይ ማውረድ፣ ክዳኑን መፍታት፣ አፉን ከቧንቧው ሥር ማስተካከል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ውኃው ወይ ተዘግቷል ወይ መሬት ላይ ይፈሳል።

ከእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ቧንቧው ቆሞ ካልሆነ የማይሠሩት የትኞቹ ናቸው? የሞላውን ገፍቶ ባዶውን ማስጠጋት ብቻ። የቀረው ሁሉ የፊተኛዋ ጀሪካን እየሞላ ሳለ ሊሠራ ይችላል። ቀጣይዋ ተረኛ ጀሪካኗን አውርዳ፣ ክዳኑን ፈትታ፣ ከጎን ትቁም፤ የቀዳችዋም ክዳኗን ፈቀቅ ብላ ትግጠም። ጀሪካን የመቀያየሪያው ጊዜ ከ60 ሰከንድ ወደ 15 ሰከንድ ወረደ እንበል። አንዱ ጀሪካን 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ፤ 30ው 67 ደቂቃ ተኩል። የመጨረሻዋ እናት 22 ደቂቃ ተኩል አተረፈች። ቦኖው በቀን 8 ሰዓት ቢከፈት ቀድሞ 160 ጀሪካን ይሞላ የነበረው 213 ይሞላል። አዲስ ቧንቧ አልተገዛም፣ ፓምፕ አልተለወጠም፣ በጀት አልተጠየቀም።

ይህን ዘዴ ለዓለም ያስተማረው ሺጌዎ ሺንጎ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ የአንድ ባለ 1,000 ቶን መጭመቂያ መኪና ቅርጽ ማውጫውን ለመለወጥ 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ሺንጎ መኪናው ቆሞ የሚሠራውን ሥራ መኪናው እየሠራ ሊሠራ ከሚችለው ለየ፤ 4 ሰዓቱ መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ በኋላ ወደ 3 ደቂቃ ወረደ።

ሒሳቡ እዚህ አያልቅም፤ ጥሩ ተማሪ ቀጥሎ የሚጠይቀው አለ። ታንከሩ ውስጥ በቀን የሚገባው ውኃ ለ160 ጀሪካን ብቻ የሚበቃ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ወረፋው ያጥራል እንጂ ውኃው አይጨምርም፤ ከሰዓት በኋላ የመጣች ባዶዋን ትመለሳለች። ማነቆው ከቧንቧው ወደ ታንከሩ ተዛወረ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ማነቆ የፈታ ሰው ቀጣዩ የት እንደሚታይ ቀድሞ ማሰብ አለበት። «መጥኖ መደቆስ» እያሉ የሚመክሩት አባቶቻችንም ይህንኑ ነበር የሚሉት።

ወተት፣ ፍየልና ባዶ ፉርጎ

የግመል ወተት ንግድ በዚህ አካባቢ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። ከሜዳ እስከ ከተማ ገዢ ድረስ ያለውን ሰንሰለት ተመልከቱት፤ የሚታለብበት ቦታ፣ የሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር፣ የሚጫንበት መኪና፣ የሚከፋፈልበት ገበያ። በየመሸጋገሪያው ወተቱ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ደግሞ ሙቀት ውስጥ ነው። ከብዙ ቤት የመጣ ወተት በአንድ ዕቃ ሲደባለቅ የአንድ ቤት ጥፋት የሁሉንም ያበላሻል፤ ማን እንዳበላሸውም አይታወቅም። ጠባብ አፍ ያለው የፕላስቲክ ጀሪካን ውስጡ እጅ ስለማይገባ በወጉ አይታጠብም።

እዚህ ላይ ማቀዝቀዣ መግዛት ጥሩ ነው፤ ግን የመጀመሪያው እርምጃ ላይሆን ይችላል። የየቤቱ ዕቃ ምልክት ቢደረግበት፣ ወተቱ ከመደባለቁ በፊት በእያንዳንዱ ዕቃ ቢፈተሽ፣ አፈ ሰፊ የሆነ የሚታጠብ ዕቃ ቢለመድ፣ መኪናው የሚመጣበት ሰዓት ከሚታለብበት ሰዓት ጋር ቢገጥም፣ ኪሣራው ምን ያህል እንደሚቀንስ በደብተርና በእርሳስ መለካት ይቻላል። የጥራት ቁጥጥር የሚባለው ትምህርት መነሻው ይህ ነው፦ ብልሽቱን መጨረሻ ላይ ከመጣል ይልቅ የት እንደተፈጠረ መከታተል።

ሁለተኛው ነገር ፉርጎው ነው። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዕቃ በክብደት ከምትልከው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከጅቡቲ ሞልቶ የሚመጣው ባቡር ሲመለስ ብዙ ባዶ ቦታ ይኖረዋል። ለባቡሩ ባዶ መሄድ ነጻ አይደለም፤ ለኤሌክትሪኩም፣ ለሹፌሩም፣ ለሐዲዱም ይከፈላል። ያ ባቡር ወደ ወደብ የሚመለሰው በዚህ የፍየልና የግመል አገር መካከል ነው። ቁም እንስሳ በባቡር ቢጫን ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ስንት ፍየል በአንድ ቀን ሲሰበሰብ ነው ፉርጎው የሚሞላው? ሳይሞላ ቢቆም እንስሳው የሚበላውና የሚጠጣው ምን ያስከፍላል? የእንስሳት ሐኪሙ ምርመራ የት ይሁን፣ እዚህ ወይስ ወደቡ ላይ? መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በስሜት ሳይሆን በሒሳብ የሚመልስ፣ አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከእናንተ ልጆች መካከል እንዲወጣ ነው የምመኘው።

ሰው ካልተሰማ ሒሳብ አይሠራም

እስካሁን ያወራሁት ስለ ደቂቃና ስለ ኪሎ ሜትር ነው። ሥራ አመራር የተጨመረበት ምክንያት ደቂቃዎቹ የሰው ደቂቃዎች ስለሆኑ ነው።

የዚህ ትምህርት ታሪክ ጥሩ ብቻ አይደለም። ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 «የሳይንሳዊ አመራር መርሖዎች» የተባለ መጽሐፉን ሲያሳትም በዚያው ዓመት በአሜሪካ በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ምክንያታቸው ሰዓት የያዘ ሰው ጀርባቸው ላይ ቆሞ ሥራቸውን መለካቱ ነበር። ነገሩ ኮንግረስ ድረስ ደርሶ በመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች በሰዓት መለካት ተከለከለ። ሒሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛው ግን እንደ ሰው አልተጠየቀም ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሼዶቹም፣ መኪናዎቹም፣ የውኃ ማጣሪያውም ዘመናዊ ነበሩ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር፣ ሠራተኞችም በብዛት ሥራ ይለቁ እንደነበር ያሳያል። በየወሩ አዲስ ሰው ማሠልጠን የምርት መስመሩን ያዘገያል። የሠራተኞቹ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ከመኪናዎቹ አቀማመጥ እኩል ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

ካይዘን የሚባለውን የሥራ ማሻሻያ ዘዴም ታውቁታላችሁ። ጃፓኖች ባደረጉት ትብብር በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቋመ። መልካም ሥራ የሠራባቸው ፋብሪካዎች አሉ። በብዙ መሥሪያ ቤት ግን ካይዘን ማለት ዕቃ መደርደርና ግድግዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ሆኖ ቀረ። የካይዘን ልቡ ሠራተኛው ራሱ ችግሩን አይቶ መፍትሔ እንዲያመጣና አለቃው እንዲሰማው ነው፤ ይህ ሲቀር መጥረጊያው ብቻ ይቀራል።

በዚህ ረገድ የአፍደም ልጅ ከሌላው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ። የሶማሌ ኢሳ ማኅበረሰብ ሄር ኢሴ የሚባለው ያልተጻፈ ሕግ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ነገሩን ከሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ተማክረው፣ ስምምነት ላይ እስኪደርሱ አይነሡም። ውሳኔው የሚከበረው ሁሉም የተሰማበት ስለሆነ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ «የለውጥ አመራር»፣ «የሠራተኛ ተሳትፎ» የሚባሉ ኮርሶች ሲያጋጥሟችሁ አያቶቻችሁ የሚያደርጉትን አስታውሱ፤ መምህራችሁንም ስለዚህ ንገሩት።

ምን ይማራሉ? የት?

አሁን ለተማሪዎቹ በቀጥታ ልናገር። የምህንድስና ዲግሪ አምስት ዓመት ነው። በመጀመሪያ ሒሳብ፣ ፊዚክስና የምህንድስና መሠረት ትማራላችሁ። ከዚያ ስታቲስቲክስ፣ የሥራ ጥናትና ልኬት፣ የምርት ዕቅድና ቁጥጥር፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የአቅርቦት ሰንሰለት፣ የምህንድስና ኢኮኖሚክስ፣ የሥራ ቦታ ደኅንነት፣ የፕሮጀክት አመራር ይመጣሉ። ኦፕሬሽንስ ሪሰርች የሚባለው በሒሳብ የተሻለውን ምርጫ የማግኘት ትምህርት ነው፤ ብዙዎችን ያስፈራል፣ የወደዱትን ግን አይለቅም። በመሃል አንድ ሴሚስተር ወደ ድርጅት ወጥታችሁ በተግባር ትሠራላችሁ። በመጨረሻ የመውጫ ፈተና አለ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ ትምህርቱን ከሚሰጡት መካከል ናቸው። ከሁሉ የሚቀርባችሁ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ የአፍሪካ የባቡር ትምህርት የልህቀት ማዕከል አለ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ለሚያስቡ በር ነው። ባቡሩን ከመጀመሪያው ያስተዳድሩ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረክበዋል። እንግዲህ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው፣ ጥገናውን የሚያቅደው፣ ፉርጎውን የሚመድበው የእኛው ሰው ነው።

ልደብቃችሁ የማይገባ ነገርም አለ። ብዙ ተመራቂ ሥራ ሳያገኝ ይቀመጣል። አንዳንድ ቀጣሪ የኢንዱስትሪ መሐንዲስን ምን ላይ እንደሚያሠራው አያውቅም፤ «መኪና አይጠግን፣ ሕንፃ አይሠራ» እያለ የጥራት መዝጋቢ አድርጎ ጥግ ያስቀምጠዋል። ወላጆችም ልጃቸው ሲቪል መሐንዲስ ቢሆን የሠራውን ድልድይ ያሳያሉ፤ ያሳጠረውን ወረፋ ግን ማን ያይለታል? ስለዚህ ይህን ትምህርት በስሙ አትምረጡ። ነገር ለምን እንደሚዘገይ መጠየቅ የምትወዱ፣ ቁጥር የማይሰለቻችሁ፣ ከወዛደሩም ከሥራ አስኪያጁም ጋር ቁጭ ብላችሁ ማውራት የምትችሉ ከሆነ ምረጡት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደላችሁ ሌላ ሙያ ይሻላችኋል።

ለየወገኑ አንዳንድ ነገር

ንግግሬን በልመና እዘጋለሁ።

ለምድር ባቡር ኃላፊዎች፦ ከድሬዳዋም ከጅግጅጋም ለተግባር ልምምድ ለሚወጡ ተማሪዎች የቢሮ ወንበር ብቻ አትስጧቸው። አንድ ሁለቱን አፍደምን በመሰለ ጣቢያ ላይ አስቀምጧቸው፤ እያንዳንዱ ባቡር ስንት ደቂቃ ቆመ፣ ለምን ቆመ የሚለውን ይመዝግቡ። የአንድ ሴሚስተር መዝገብ ለእናንተም ለእነሱም ይጠቅማል።

ለሽማግሌዎች፦ እነዚህ ልጆች ደብተር ይዘው ስለ መንጋው መንገድ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ገበያው ሲጠይቋችሁ አትሰልቹባቸው። እናንተ የምታውቁት በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ለመምህራን፦ የሒሳብ ክፍለ ጊዜያችሁን አንድ ቀን ቦኖው ዘንድ ውሰዱት። አማካይና ስርጭት የሚባሉት ነገሮች እዚያ ሲቆጠሩ ለተማሪ ይገቡታል።

ለተማሪዎች፦ ዩኒቨርሲቲ እስክትገቡ አትጠብቁ። ነገ ጠዋት አንድ ወረፋ ምረጡ፤ ሰዓት ያዙ፤ ሥራውን በየቁራጩ ጻፉ፤ ያያችሁትን ለተሰለፉት ሰዎች አሳዩና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጠይቋቸው። መልሳቸውን በሙሉ ልብ ካደመጣችሁ የዚህን ሙያ ከባዱን ግማሽ ጀምራችኋል።